አፍንጫውን በሰም የደፈነው ድንጉላ

ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ ገበያ ይውሉ በነበረበት ዘመን፣ ከጨው ሜዳ ማዶ አንድ የንቦች አገር ነበረ። በአገሩ መካከል ጥላው የሰፋ ዋንዛ ቆሟል፤ በዋንዛው ቅርንጫፎች ላይ 40 ቀፎ ተሰቅሏል። በየቀፎው ሴቶቹ ንቦች ይሠራሉ፤ ወንዶቹ፣ ድንጉላ የሚባሉት፣ ያዛሉ። ድንጉላ አበባ አይቀስምም፣ ሰም አይሠራም፣ መንደፊያም የለውም። ንብ የሚያነብ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሆኖም በዚያ አገር ቀፎው የድንጉላው ነው ይባል ነበር፤ እንዴት የእሱ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

እያንዳንዱ ቀፎ የራሱ ጠረን ነበረው። በቀፎው የተወለደች ንብ ሰሙ ላይ ስታድግ ጠረኑ ይይዛታል። በበር የምትቆመው ዘበኛ ንብ የሚገባውን ሁሉ በቀንዶቿ እየዳሰሰች ታሸታለች። ጠረኗ የቤቱ የሆነችውን ታሳልፋለች፤ ያልሆነችውን በክንፏ ይዛ ትወረውራለች። ይሁን እንጂ ከጥንት የቆየ አንድ ልማድ ነበር። ጠረኗ የሌላ ቤት ቢሆንም ሆዷ በወለላ የሞላ ንብ ከመጣች፣ ዘበኛይቱ ፊቷን ወደ ቅጠሉ ታዞራለች። ባዶ ሆዷን የመጣችው ናት የምትወረወረው። ይህን ልማድ የጻፈው የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀው ነበር።

ታዲያ ከጨው ሜዳው በሌላው ወገን ባለው አገር 3 ክረምት ዝናብ ቀረ። ግራሩ ሳያብብ ከረመ፣ አደይ በመስከረም ሳትወጣ ቀረች፣ በ4ኛው ዓመት አንበጣ መጣና የተረፈውን በላ። የዚያ አገር ንቦች ተነሥተው ተሰደዱ። ሜዳውን በሌሊት ነው የተሻገሩት፤ በቀን ፀሐዩ ክንፍ ያነዳል፣ ውሃው ጨው ነው። መንገድ እናሳያችኋለን ያሉ ዝንቦች የቋጠሩትን ስንቅ ተቀብለው እኩሌታ ላይ ጥለዋቸው ተመለሱ። ብዙዎች እዚያው ቀሩ። የደረሱት ከዋንዛው ሥር አርፈው ክንፋቸውን ሲጠርጉ አደሩ። ከነሱ መካከል ማሪቱ የምትባል ንብ ነበረች፤ ታናሽ እህቷን ማርነሽን ከደረቀው አገር ትታ የመጣች።

እነዚህን ንቦች አገሩ «ጠረን አልባ» አላቸው። እየበዙ ሲመጡ የዋንዛው ልጆች አጉረመረሙ፤ ከገበያም ቀበሮና ጦጣ አብረው ጮኹ። ቀፎዎቹ በተሰቀሉ በ86ኛው ዓመት ሸንጎ ተጠራ። ዳኛው አባ ኤሊ ነበሩ። ብዙ ከተመከረ በኋላ እንዲህ የሚል ሕግ ተረቀቀ፦ «ጠረን የሌላትን ንብ በቀፎው ያሠራ ድንጉላ አንድ እንጀራ ማር ይቀጣ።»

የትልቁ ቀፎ ጌታ አያ ድንጉላ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«አባ ኤሊ፣ ሕጉ ደግ ነው። ግን ሳያውቅ ያሠራ ድንጉላ ቢኖርስ? ያላወቀ ይቀጣልን?»

«ያላወቀማ እንዴት ይቀጣል፤ ግፍ ይሆናል» አሉ አባ ኤሊ።

«እንግዲያስ ዐውቆ ያሠራ ተብሎ ይጻፍልን።»

ተጻፈ። ሌላም አንቀጽ ተጨመረ፦ «ዘበኛ ንብ ገቢዋን አንድ ጊዜ ብቻ ታሽት፤ ደግማ ያሸተተች እንግዳ እንዳዋረደች ተቆጥሮ ትቀጣ።» ይህ ሲነበብ ሸንጎው እልል አለ፤ ርኅራኄ ያለበት ሕግ ነበርና።

በሳምንቱ አያ ጢንዚዛ ከዋንዛው ሥር ሱቅ ከፈተ። ማንከባለል የአባቱ ሙያ ነው፤ እሱ ግን ፋንድያውን ትቶ አሮጌ ሰም ያንከባልል ጀመር። ከፈረሱ ቀፎዎች የወደቀ ሰፈፍ ይለቅማል፣ ፀሐይ ላይ ያለሰልሰዋል፣ አድቦልቡሎ በቅጠል ይጠቀልላል። ያን ሰም ደረቷንና ክንፏን የተቀባች ንብ የዋንዛው ልጅ ትሸታለች። ዋጋው የ20 ቀን ቅስም ነው፤ ላጣች በዱቤ ይሰጣል። ማሪቱም በዱቤ ወሰደች።

«አያ ጢንዚዛ፣ ይሄ የማን ጠረን ነው?» አለችው ቅጠሉን ስትፈታ።

«የእመት አንጓች። አምና ነው ያረፉት፤ ነፍሳቸውን ይማር።»

«ቢያውቁ አይቆጡም?»

«ምን ያስቆጣቸዋል? ሞተውም ሥራ አላቋረጡም!»

በማግስቱ ማሪቱ ሆዷን ሞልታ ወደ ትልቁ ቀፎ ሄደች። ዘበኛይቱ አንድ ጊዜ አሸተተቻትና አሳለፈቻት። ከኋላዋ የመጣችውንም አሳለፈች፤ ከሷም በኋላ ያለችውን። ሲመሽ ወደ አያ ድንጉላ ገባች።

«ጌታዬ፣ ዛሬ 70 ንብ ገብቷል። የሰባዎቹም ጠረን የእመት አንጓች ነው። እመት አንጓችን ደግሞ አምና ከቀፎ አውጥቼ የጣልኳቸው እኔው ነኝ።»

አያ ድንጉላ አሰበ።

«አንዳንዷን ስንት ጊዜ አሸተትሽ?»

«አንድ አንድ ጊዜ።»

«ሕጉን ጠብቀሻል፤ እግዜር ይስጥሽ። የቀረውን እኔ ራሴ እመረምራለሁ።»

ከዚያ ለብ ያለ ሰም አስመጣና ሁለቱን የአፍንጫውን ቀዳዳዎች ደፈነ። በሰባዎቹ ፊት እየተመላለሰ፣ በእያንዳንዷ ፊት ቆም እያለ፣ አንገቱን እየሰገገ መረመረ። «ምንም የሚሸተኝ ነገር የለም» አለ። ውሸት አልነበረበትም።

ወሬው ገበያ ደረሰ። ወሩ ሳይሞላ ከ40ው ድንጉላ 39ኙ አፍንጫቸውን ደፈኑ። አያ ጢንዚዛ ከጠረኑ ሰም ጎን የአፍንጫ ሰም መሸጥ ጀመረ፤ ለባለጸጎች ጦስኝ የገባበት፣ ለድሆች ተራው። በሠርግ ላይ አፍንጫው ክፍት የሆነ ድንጉላ ከበር አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። ጎረምሶቹ ድንጉላዎች ሳይቀሩ፣ ቀፎ ሳይኖራቸው፣ ደፍነው ይዞሩ ነበር።

አሁን ስለ ደመወዙ ልንገራችሁ። የማር እንጀራ እንደ ጤፉ እንጀራ ዓይን አለው፤ ደመወዝ የሚሰፈረውም በዓይን ነው። የዋንዛው ልጅ ለ10 ሸክም አንድ ዓይን ማር ታገኛለች፤ በየቅዳሜው ይሰጣታል። ለጠረን አልባዋ ለ10 ሸክም ግማሽ ዓይን ተቆረጠ። ከግማሹ የጢንዚዛ ዕዳ ይነሣል፣ የማደሪያ ይነሣል፣ የክረምት ጎታም ይነሣል። የክረምት ጎታ ማለት ዝናብ ሲወርድና ክንፍ ሲያረጅ ሁሉም የሚበላበት የአገር ማር ነው። ለመሥራት አንድ ጊዜ መሸተት ይበቃል፤ ከጎታው ለመብላት ግን ሦስት ጊዜ መሸተት ግድ ነበር። የጎታው ጠባቂ ለሸንጎ ሲያስረዳ «ዘንድሮ ጎታችን ሞልቶ ፈሰሰ፤ የሚያስገቡት በዝተዋል፣ የሚያስወጡት ያው ናቸው» አለ። ሸንጎው ጠባቂውን አመስግኖ ካባ አለበሰው።

ከሁሉ ተነሥቶ የቀረው ዋጋ ለጠረን አልባዎቹ የሚከፈለው በ7ኛው ሳምንት መጨረሻ ነበር። በሥራ ወራት የንብ ዕድሜ 6 ሳምንት ያህል ነው።

የዋንዛው ልጆች ተሰብስበው ሁለት ዓይን ይደረግልን ብለው ጠየቁ። አያ ድንጉላ በሩን አሳያቸው። «ውጭ የቆሙትን ቁጠሩና ተመለሱ» አለ። ሄደው ቆጠሩ፤ አልተመለሱም። ከነሱ አንዷ ጥሩነሽ ግን በንዴት ወደ ማሪቱ ሄደች።

«ግማሽ ዓይን እየተቀበልሽ የኔን እንጀራ የምታሳንሺ ምን የሚሉሽ ነሽ?»

«እህቴ፣ ሙሉውን ማን ሰጥቶኝ እምቢ አልኩ?» አለች ማሪቱ።

ጥሩነሽ ልትመልስ አፏን ከፈተች። «ማነው እዚያ የሚያወራው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ፤ ሁለቱም ወደየሥራቸው ሄዱ።

አፍንጫውን ያልደፈነው አንዱ ድንጉላ ቀፎው ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነበር። እሱ አሽትቶ ያስገባል፤ ለገባችው ሙሉ ዓይን ይሰፍራል፤ በየቅዳሜው ይከፍላል። ማሩ ታዲያ ከሌሎቹ በሩብ ይወደድ ነበር። እመት ቀበሮ ገበያ መጥታ «አገራችን በጠረን አልባ ተወረረ፤ ሕግ የሚያከብር ድንጉላ ጠፋ» እያለች በመጀመሪያ እሱ ዘንድ ትቆማለች። ከማሩ ትቀምሳለች፣ ታመሰግነዋለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ወደ አያ ድንጉላ መደብ ትሻገራለች። ጦጣም እንዲሁ፣ ጉሬዛም እንዲሁ። በዓመቱ የጫፉ ቀፎ ባዶ ሆነ። ድንጉላው ልጆች ነበሩትና በአያ ጢንዚዛ ሱቅ የአፍንጫ ሰም መዛኝ ሆኖ ገባ።

በልግ ሲያልቅ ሙቀት በረታ። ቀፎ ሲሞቅ ሰሙ ይልማል፤ ስለዚህ ንቦች በር ላይ ተሰልፈው በክንፋቸው ያራግባሉ። አየሩ ካልዞረ ማሩ አይበስልም፤ ከዚያም አልፎ እንጀራው ይናዳል። የቀኑ ማራገብ የዋንዛው ልጆች ሆነ፤ የሌሊቱ የጠረን አልባዎቹ። እነሱም ቀን ሲቀስሙ ውለው ነው። አያ ድንጉላ ማር ስለበዛለት 5 እንጀራ በሚሰቀልበት ቦታ 9 አሰቀለ። ዘበኛይቱ «ጌታዬ፣ ጣሪያው አይችልም» አለችው። «እስኪወድቅ ድረስ ችሏል» አላት።

አንድ ሌሊት ዘጠነኛው እንጀራ ተገንጥሎ ወረደ። የወረደው ስንዱ በምትባል ንብ ላይ ነው፤ ከማሪቱ ጋር የጨው ሜዳውን ክንፍ ለክንፍ የተሻገረች። የግራ ክንፏ ከሥሩ ተነቀለ፣ የኋላ እግሮቿ ከሰሙ ሥር ተያዙ። ንብ የምትተነፍሰው በጎንና ጎኗ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ ማሩ እነሱን ደፍኗቸዋል። ማሪቱ ሰሙን በአፏ እየቆረሰች ጣለች፤ ከዚያ በስንዱ ጎን ተኝታ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ትልስ ጀመር። አንዱ ሲከፈት ሌላው ላይ ማር ይፈስበታል። እስኪነጋ ላሰች። ሲነጋ ስንዱ ትተነፍስ ነበር።

ያኔ አያ ጢንዚዛ መጣ። እሷን አንከባልሎ ከዋንዛው አወጣና ራቅ ካለ ብሳና ሥር አስቀመጣት። «ከብሳናው ሥር የተገኘች የብሳናው ናት» አለ። ስንዱ እዚያው ሁለት ቀን ቆይታ ሞተች።

አባ ኤሊ ነገሩን ሰምተው ለምርመራ ተነሡ፤ በ3ኛው ቀን ደረሱ።

«ምን ወደቀ?»

«አንድ የማር እንጀራ» አለ አያ ድንጉላ።

«በማን ላይ?»

«መዝገቡ ይታይ።»

መዝገቡ ታየ። በዚያ ሌሊት ሲያራግቡ ያደሩት 70 ንቦች ሁሉም እመት አንጓች ተብለው ተጽፈዋል። አባ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ስበው ብዙ አሰቡ፤ ከዚያ አውጥተው ፈረዱ። «እንጀራው መውደቁ ተረጋግጧል። የወደቀውም በእመት አንጓች ላይ ነው። ነገር ግን እመት አንጓች እንጀራው ከመውደቁ ከዓመት በፊት የሞቱ ስለሆነ ጉዳት አልደረሰባቸውም።» የፈሰሰው ማር ደግሞ በዚያ ሌሊት ሲያራግቡ በነበሩት ላይ ተደልድሎ ከዋጋቸው ይነሣ ተባለ።

ሳምንታቱ አለፉ። ከሰባዎቹ ብዙዎቹ በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት በአበባ ላይ እንዳሉ ቀሩ፤ ሂሳባቸውም ተዘጋ። ማሪቱ ግን አጥንተ ብርቱ ነበረች። 6ኛውን ሳምንት ተሻገረች፤ በ7ኛው 6 ቀን ሠራች። ክንፏ ጫፍ ጫፉ ተበልቶ ነበር። በ6ኛው ቀን ማታ ከእሷ ጋር የቀሩትን 11 ንቦች አስከትላ አያ ድንጉላ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ነገ ሰባት ሳምንት ይሞላናል። ሂሳባችንን እንዲያስቡልን ነው።»

«አሳስበሽኛል» አለ አያ ድንጉላ። «ሂዱና እረፉ።»

እነሱ ሲወጡ ሰሙን ከአፍንጫው አወጣ። አየሩን ሳበ። ከዚያ ከቀፎው አፍ ላይ ቆሞ ጮኸ፦ «ኡኡ! ያገር ያለህ! ጠረን የሌላቸው ንቦች ቤቴን ሞልተውታል!»

የአገሩ ጠባቂዎች ጉንዳኖች ናቸው። በሌሊት ተሰልፈው መጡና አሥራ ሁለቱን ይዘው ሄዱ። አያ ድንጉላን «እንዳንተ ያለ ንቁ ዜጋ ቢበዛ» እያሉ አመሰገኑት።

በማግስቱ ፍርድ ቀረቡ። አባ ኤሊ ከማሪቱ ጀመሩ።

«ማን አሠራሽ?»

«አያ ድንጉላ።»

«አያ ድንጉላ፣ ታውቃታለህ?»

አያ ድንጉላ ሰሙን መልሶ ከቶ ነበር። «በጠረኗ አላውቃትም።»

«በፊቷስ?»

«ሕጉ ስለ ፊት የሚለው ነገር አለ?»

አባ ኤሊ ሕጉን አገላብጠው አዩ። ስለ ፊት አንድም ቃል አልነበረም።

ዘበኛይቱ ከኋላ ተነሣች። «አባቴ፣ እኔ በገቡ ቀን ነግሬው ነበር። ሰባዎቹም አንድ ጠረን እንዳላቸው ዐውቄ።»

«አንድ መሆናቸውን እንዴት ዐወቅሽ?»

«አስተያይቼ።»

«ለማስተያየት የፊተኛዋን ከኋለኛዋ ጋር ደግሞ ማሽተት ያሻል» አሉ አባ ኤሊ፤ ዘበኛይቱም ደግማ በማሽተት ተቀጣች። ያን ቀን ከበር ተነሣች፤ በምትኳ ጉንፋን የማይለቃት አንዲት ንብ ቆመች።

ከዚያ ፍርዱ ተነበበ። «ማሪቱ 6 ሳምንት ከ6 ቀን ሳትቀጠር ሠርታለች። የራሷ ያልሆነ ጠረን ተቀብታለች። ስለዚህ ወደ ጨው ሜዳው ትመለስ። አያ ድንጉላ ባያውቅም ቀፎው የእሱ ነውና፣ ለሥርዓቱ ያህል አንድ እንጀራ ማር ይቀጣ። ራሱ ስለ ጠቆመ ቅጣቱ ወደ ግማሽ እንጀራ ወርዶለታል።»

ጉንዳኖቹ ማሪቱን ሊወስዷት ሲሉ አያ ድንጉላ «ጥቂት ታገሡኝ» አለ። «መንገዷ በግምጃ ቤቱ በኩል ነው፤ ቅጣቴን ታድርስልኝ።» ማሪቱ የግማሽ እንጀራውን ማር በሆዷ እየጫነች፣ እየተመላለሰች፣ እስኪመሽ አደረሰች። የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ተቀብሎ ደረሰኝ ቆረጠ፤ «ያስረከበው» በሚለው ቦታ ላይ አያ ድንጉላ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጉንዳኖቹ ወሰዷት። ሜዳው ዳር ያደረሷት እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ ማታ እስኪሆን እንድትቆይ ብትለምናቸው የሥራ ሰዓታቸው አልቋል አሏት።

የአያ ድንጉላ ብልሃት በአገሩ ልማድ ሆነ። በየቀፎው 7ኛው ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው «የአፍንጫ መክፈቻ» ተብሎ ይከበራል። ድንጉላዎቹ ሰሙን ያወጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ጉንዳኖቹ ይመጣሉ። በማግስቱ ሰሙ ይመለሳል፤ አዲስ 70 ንብ በር ላይ ይቆማል። ጉንዳኖቹም ሥራ ስለ በዛባቸው ጓዳቸውን የሚጠርጉላቸው 12 ንቦች ያዙ። እነዚያን ያሸተታቸው አልነበረም።

አንድ ዓመት ግን ነገሩ ከልክ አለፈ። ገበያው በጣም ስለጮኸ ሸንጎው 39ኙም ድንጉላዎች በአንድ ቀን አፍንጫቸውን እንዲከፍቱ አዘዘ፤ በአንድ ሌሊት አገሩ ከጠረን አልባ ጸዳ። እመት ቀበሮ ከበሮ አስመታች። በሳምንቱ ገተም አበበ። ገተም ሲያብብ ነጭ ማር የሚሆን ወለላ ነው፤ ቀን ግን አይሰጥም። የዋንዛው ልጆች ተጠሩ። ጥሩነሽ ተወክላ «ሁለት ዓይን ለ10 ሸክም፣ የሌሊቱ ማራገብ ለብቻው ይታሰብ፣ እንጀራውም ከ5 አይበልጥ» አለች። ድንጉላዎቹ ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ አበባው ቢረግፍ ይሻላል አሉ። ረገፈ። ማር ተወደደ። እመት ቀበሮ ገበያ መሐል ቆማ «እነዚያን ምስኪን ንቦች ያባረረ ማን ነው!» እያለች አለቀሰች።

ድንጉላዎቹ አልቅሰው ሸንጎ ገቡ፤ ሸንጎውም አዘነላቸውና «የወቅት ጠረን» የሚባል ነገር ደነገገ። ጠረኑ በትንሽ ቅል ተሞልቶ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ለድንጉላው ነው። ድንጉላው ቅሉን ከክንፉ ሥር ያኖረዋል። ንቢቱ ጠዋት ትቀባለች፣ ማታ ታጥባለች፣ አበባው ሲያልቅ ትሸኛለች። ቀፎው ከፍቷት ወደ ሌላ ቀፎ የገባች እንደሆነ ድንጉላው «ጠፍታለች» ብሎ ያመለክታል። የጠፋች ንብ በዋንዛው ላይ በዓይን እየታየችም ጠፍታለች።

ጉንዳኖቹ ወደ ጨው ሜዳው ሄደው ጥሪውን አሰሙ። የሚመጡትን እየመዘገበ ቅል የሚያድለው አያ ጢንዚዛ ነበር፤ ሸንጎው ሥራውን ሕጋዊ አድርጎለታል። ከተመዘገቡት መካከል ማርነሽ ነበረች። ሜዳውን ስትሻገር የእህቷን ክንፍ ከጨው ላይ አግኝታለች፤ ጫፍ ጫፉ የተበላ ስለነበር ዐወቀችው።

ቅሏ በአያ ድንጉላ ስም ወጣ። በገባች ቀን እጅ ነሥታ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ማሪቱ የምትባል እህቴ እርስዎ ዘንድ ሠርታ ነበር። የ6 ሳምንት ከ6 ቀን ዋጋዋ ቀርቷል ሲሉ ሰማሁ።»

አያ ድንጉላ መዝገቡን አስመጣ፤ አሁን አፍንጫው ክፍት ነበር፣ መደፈን ቀርቷልና። በጣቱ እየወረደ ፈለገ።

«ማሪቱ የምትባል የለችም። 6 ሳምንት ከ6 ቀን የሠሩት እመት አንጓች ናቸው። ሂሳቡ እዚህ አለ፤ 24 ዓይን። ለጢንዚዛ 10፣ ለማደሪያ 2፣ ለጎታ 2፣ ለፈሰሰው እንጀራ 1፣ ቀሪ 9። 9ኙም ታሽገው ተቀምጠዋል።»

«እንግዲያው እነሱን…»

«የእመት አንጓች ወራሽ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ የሌላ ገንዘብ እንዴት አነሣልሻለሁ? አደራ እኮ ነው፤ የሙት አደራ» አለና መዝገቡን ዘጋ። ከክንፉ ሥር ቅሉን አውጥቶ አንድ ጠብታ ደረቷ ላይ ጣለላት። «ዛሬ ማታ ማራገብ አንቺ ነሽ።»

9ኙ ዓይን የነበሩበት 7ኛው እንጀራ በጥር ገበያ ከሌሎቹ ጋር ወጣ። የገዛችው እመት ቀበሮ ናት፤ ከአምናው በሩብ ረክሶላታል።